የሊፍት ሠሪው አውሮፕላን

በዚያ ሳምንት አውሮፕላኑ ለአሥራ አራተኛ ጊዜ ሲከሰከስ አዋላጇ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቀና ብላ ስክሪኑን አየች፣ ሰውየው እንዳነጠሰ ሁሉ «ይማርህ» አለችውና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

«የኋላ እግሮቹ ተሰበሩ» አለ ባሏ።

«ሰው ተረፈ?»

«ምን ሰው አለበት? ኮምፒውተር ነው እኮ።»

«ታዲያ ምን አስለቀሰህ?»

«ማን አለቀሰ? ሽንኩርትሽ ነው።»

ሽንኩርቱ እውነትም ያስለቅስ ነበር። የሰውየው ፊት ግን ከሽንኩርቱ በፊትም ጠቁሯል። አሥራ አራቱንም ጊዜ የተከሰከሰው ሁሉን ነገር በደንብ ሠርቶ፣ ሜዳውን ፊት ለፊት አግኝቶ፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከሩቅ ቢወድቅ አንድ ነገር ነው። ደጃፍ ደርሶ መውደቅ ያበሽቃል።

ይህ ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲገጥም፣ ሲጠግንና ሲመረምር የኖረ ነው። ረጅም ሕንፃ ባለበት ሁሉ ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር «ጋሽ ሊፍት» ነበር የሚሉት። እሱ ጡረታ ሲወጣ ስሙ ጡረታ አልወጣም። ከፍታ የሚባል ነገር አይፈራም፤ በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ፣ ሃያኛ ፎቅ ላይ፣ የሳጥኑ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦውን ሲገምጥ ያዩት አሉ። አውሮፕላን ግን ይፈራል። ለምን ሲባል መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «በምን ተንጠልጥሎ?» ይላል። ስለ ክንፍና ስለ አየር ግፊት ሊያስረዱት የሞከሩ ብዙ ናቸው። በትዕግሥት ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሲያበቃ፣ «ይሁን፣ ገመዱስ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

አመሉ ለብዙ ዘመን ማንንም አልጎዳም። አሁን ግን አንዲት ልጃቸው የዘጠኝ ሰዓት በረራ ርቃ፣ ባል አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በየእሑዱ እየደወለች የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «እማ፣ አንቺ ከሌለሽ አልወልድም።» አዋላጇ እንዲህ ያለ ዛቻ ከስንት ሴት ሰምታለች፤ ዝታ ሳትወልድ የቀረች አላጋጠማትም። የገዛ ልጇ ስትለው ግን አንጀቷን ይበላዋል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ የራሷን የልጅ ልጅ ሌላ እጅ ሊቀበለው ነው ብላ ስታስብ የያዘችው ሥራ ሁሉ ያስጠላታል።

ብቻዋን መሄድ ትችል ነበር። ባሏ ግን «አንቺን ብቻሽን አየር ላይ ልኬ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ልቀመጥ? በቁሜ ካልሞትኩ!» ብሎ ምሏል። እሷም ብትሆን ጥላው መሄድ አልሆነላትም፤ ከተጋቡ ጀምሮ ለሥራ ተረኛ ካልሆነች በቀር ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም። ስለዚህ ተስማሙ። አብረው ይሄዳሉ፣ ግን አስቀድሞ ይፈትሻል።

«ምኑን ነው የምትፈትሸው?» አለችው ያኔ።

«አውሮፕላኑን ነዋ።»

በሊፍት ሥራ አንድ ሕግ አለ፤ ቢያንስ እሱ አለ ይላል። የተጠገነ ሊፍት ለሰው ከመለቀቁ በፊት ባዶውን አሥር ጊዜ ይወጣል፣ አሥር ጊዜ ይወርዳል። አሥሩም ያለ እንከን ማለቅ አለባቸው። ዘጠነኛው ላይ በሩ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ዘጠኙ ይሰረዝና ከአንድ ይጀመራል። ጋሽ ሊፍት ይህን ሕግ ለየትኛውም የሕንፃ ባለቤት ብሎ አላጠፈውም፤ ትልቅ ባለሥልጣን ታች ቆሞ ሰዓቱን እያየ ሲጠብቅም አላጠፈውም። አሁንም እንደዚያው ነው። እውነተኞቹ አብራሪዎች ሳይቀሩ ይለማመዱበታል የተባለውን የኮምፒውተር በረራ ገዝቶ፣ የመንገደኛ አውሮፕላን አሥር ጊዜ በተከታታይ ያለ እንከን ካሳረፈ ቲኬቱ ይቆረጣል። ቪዛው ወጥቷል። ልጃቸው ልትወልድ ሰባት ሳምንት ቀርቷታል። ቆጠራው ዜሮ ላይ ነው።

የልጃቸው የድሮ መኝታ ቤት የአብራሪ ክፍል ሆኗል። አልጋው ተነስቶ ግድግዳ ተደግፏል። የምታጠናበት ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ስክሪን ተቀምጧል፣ ከሥሩ ከኮምፒውተር ሱቅ የተገዛው መንጃ ዘንግ አለ። የቀረውን ራሱ ሠራው። የሞተሩ እጀታ ከአሮጌ የዕቃ ማንሻ የተፈታ ነው። አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት የሚበራው በሊፍት መጥሪያ ቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት ዙሪያው ቀይ ይበራል። የክንፉን መዘርጊያ የሚያወርዱት ቁልፎች 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተጽፎባቸዋል። ጎማ ማውረጃው ላይ «ምድር ቤት» ይላል። ያየው ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሱ ግን ጎማው የሚወርደው ለምድር ስለሆነ ምን እንደሚያስቅ አይገባውም።

ፕሮግራሙ ወደ መሬት ሲቀርቡ ከፍታውን በወንድ ድምፅ ይጠራ ነበር። ጋሽ ሊፍት ድምፁን አልወደደውም፤ «ያዝዘኛል» ብሎ አጠፋው። ስለዚህ ከፍታ የምትጠራለት አዋላጇ ሆነች። የአውሮፕላን ከፍታ የሚለካው በጫማ ነው፤ አንድ ጫማ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ከምሳ በኋላ ዕቃው ታጥቦ ሲያልቅ መነጽሯን አድርጋ ጎኑ ትቀመጣለች። እጇ ሥራ አይፈታም፤ ሽንኩርት ካልሆነ ለሕፃኑ የምትሠራው ሹራብ ይኖራል። ከመቶ ጀምራ ቁልቁል ትቆጥራለች።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የብልሽቱ ዓይነት ብዙ ነበር። አውቶፓይለቱ ግማሽ መንገድ ላይ በገዛ እጁ ይጠፋል። ሰውየው ሦስት ቀን ፕሮግራሙን የሠሩትን ሰዎች ከነዘር ማንዘራቸው ሲሰድብ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ወደ ሙያው ተመለሰና ዘንጉን ፈታው። ውስጡ ያለችው ትንሽ የምትዞር ክፍል አቧራ ይዛ ኖሯል፣ ማንም ሳይነካት ትንቀጠቀጣለች። ኮምፒውተሩ አብራሪው ራሱ ዘንጉን የያዘ እየመሰለው አውቶፓይለቱን ይለቃል። ከአዋላጇ ቦርሳ አልኮልና ጥጥ አውጥቶ አጸዳት። አዋላጇ ከጀርባው ቆማ «እንደ እትብት ነው፣ ከሥሩ ጀምር» አለችው። ከሥሩ ጀመረ፤ ብልሽቱም ጠፋ።

ቀጥሎ አውሮፕላኑ አልወርድ አለ። ሞተሩን ዘግቶትም ሜዳውን ተንሳፍፎ ያልፈዋል። ፕሮግራሙን መስደብ ከጀመረ በኋላ ነው የራሱ እጀታ መሆኑን ያወቀው፤ እስከ መጨረሻው ሲዘጋም ኮምፒውተሩ ላይ ሰባት በመቶ ይቀራል። ማቆሚያውን በሞረድ ሞርዶ ዜሮ አደረሰው። ያን ቀን ደስ ብሎት ራት ሁለቴ አስጨመረ።

ከሁሉ የባሰው የመውረጃው ጨረር ነገር ነው። ከማረፊያው ጫፍ ወደ ሰማይ የሚላክ የራዲዮ ጨረር አለ፤ አውሮፕላኑ ካገኘው እስከ መሬት ድረስ ተከትሎት ይወርዳል። ጋሽ ሊፍት ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላንን ትንሽ አከበረ። «ሐዲድ አለው በይኛ!» አለ፤ ሊፍትም የሚሄደው በሐዲድ ነው። ችግሩ ሐዲዱን ሊይዘው አልቻለም። ሁልጊዜ ከላይ ይመጣበታል፣ ጨረሩ ከሥሩ ያመልጠዋል፣ አፍንጫውን ደፍቶ ሲያባርረው ፍጥነቱ ያብድበታል። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲያሳድደው ከረመና አንድ ቀን አዋላጇ ሹራቧን ሳታስቀምጥ ተናገረች።

«ለምን ትሮጥበታለህ? ከሥሩ ሁን። ከፍታህን ይዘህ ዝም በል። ራሱ ይመጣል።»

«ካልመጣስ?»

«ይመጣል። እኔ ስንቱን ጠብቄ።»

ከሥሩ ሆኖ ጠበቀ። የጨረሩ ምልክት ከስክሪኑ አናት ቀስ ብላ ወረደችና መሐል ላይ ተቀመጠች፤ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ጨረሩን ያዘ። ሰውየው ሚስቱን በጎን ገልመጥ አደረጋት። እሷ የሹራቧን ክር እየቆጠረች እንዳላየች ሆነች፤ በልቧ ግን ኮራ ብላለች።

አሁን የቀረው የመጨረሻው ብልሽት ብቻ ነበር። ሁሉ ነገር ተስተካክሎ፣ መሬት ሊነካ ሲል ድንገት ዱብ ይልና እግሩ ይሰበራል። ሰውየው ለዚህ ያልፈታው ዕቃ የለም። ዘንጉን እንደገና ፈታ። የአውሮፕላኑን ክብደት ቀነሰ። ነፋሱን ከፕሮግራሙ ላይ ጨርሶ አጠፋው። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ። ኮምፒውተር ሻጩ ጋ ሄዶ ቢያማክረው ሻጩ «ጋሼ፣ ሌሎች ደንበኞቼ ለመዝናናት ነው የሚገዙት» አለው። ከዚያ ወዲያ እዚያ ሱቅ አልደረሰም።

በዚያው ሳምንት፣ በአሥራ አምስተኛው ሙከራ አዋላጇ ሽንኩርቱን ወደ ጎን አደረገችው። ስክሪኑን ማየት ትታ የባሏን እጅ ማየት ጀመረች። በማዋለጃ ክፍል ጀማሪ ሐኪም ሲያስቸግራት የምታየው መሣሪያውን ሳይሆን እጁን ነበር። ከፍታውን በአንድ ዓይኗ እያየች ቆጠረች።

«መቶ። ሃምሳ። አርባ። ሠላሳ።»

እጁ ዘንጉን ወደ ራሱ ስቦ ያዘው። ግጥም አድርጎ ያዘው።

«ሠላሳ» አለች። «ሠላሳ። አሁንም ሠላሳ። ሃያ አሥ…» ስትል ዱብ አለ። ጎማዎቹ ተበታተኑ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ሠላሳ ላይ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

«ምን ጠበቅኩ?»

«አራት ጊዜ ሠላሳ አልኩህ እኮ። ቆመሃል።»

«እስኪስተካከል ነዋ።»

«ከምን ጋር?»

«ከወለሉ ጋር» አለ። ካለ በኋላ አፉን ያዘ።

ነገሩ ይሄ ነው። ሊፍት ፎቁ ጋ ሲደርስ ይዘገያል፣ ወለሉ ከፎቁ ወለል ጋር ግጥም ይላል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ በሩ ይከፈታል። ግማሽ ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደሆነ አንዲት አሮጊት ተደናቅፋ ትወድቃለች። ይህ ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት በጉልበቱ ተንበርክኮ ያቺን ግማሽ ጣት ሲያጠፋ ኖሯል። ወለል ሲቀርብ እጁ የሚያውቀው ሥራ አስተካክሎ ይዞ ማቆም ነው። ሊፍቱን ግን ከላይ ገመድ ይይዘዋል። አውሮፕላን አየር ላይ ተስተካክሎ ሲቆም የሚይዘው የለም፤ ፍጥነቱ ያልቅና እንደ ድንጋይ ይወርዳል። የዚህ ዓይነት ጥፋት ሊያጠፋ የሚችል አብራሪ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የልጁ መኝታ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

አዋላጇ መሳቅ አማራት፣ ግን ፊቱን አይታ ተወችው። «አታቁመው» አለች። «እየወረደ ይንካ። አፍንጫውን ትንሽ ቀና አድርግና ተወው። መሬቱ ይቀበለዋል።»

«መሬቱ ይቀበለዋል! እና እኔ ምን ልሥራ?»

«መተው ሥራ አይደለም እንዴ?»

ሁለት ቀን እጁ እምቢ አለው። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ስትል ትንሽ ቀና አደረገው፣ ሃያ ስትል ጥርሱን ነክሶ ተወው፣ አሥር ካለች በኋላ ጎማው መሬቱን ዳበስ አድርጎ ተቀመጠ። ሁለቱም ስክሪኑን አዩ። አውሮፕላኑ ማረፊያው ላይ እየተንከባለለ ፍጥነቱን ጨረሰና ቆመ። ጋሽ ሊፍት ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ግድግዳው ላይ በለጠፈው ወረቀት «1» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቆጠራ ታሪክ ነው። አራት ደርሶ መብራት ጠፋበት፤ መብራት መጥፋቱ የአብራሪው ጥፋት ነው አይደለም ብለው ግማሽ ቀን ተከራከሩና እሱ ራሱን ቀጥቶ ከአንድ ጀመረ። ስድስት ደርሶ ጎማ ማውረድ ረሳ። ሁለት ላይ አነጠሰ። ወረቀቱ ላይ የተሰረዙ ቁጥሮች በዙ፤ አዋላጇ ግን ሰውየው እየተለወጠ መሆኑን ታያለች። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ትከሻው ወርዷል። እየበረረ ያፏጫል። አንድ ቀን በመስኮት ያለፈ እውነተኛ አውሮፕላን ቀና ብሎ አይቶ «ይሄ ፍጥነቱ በዝቷል» አለ። እሷም ማታ ማታ ለጉዞ የሚሆኑ ልብሶችን በዓይኗ መምረጥ ጀመረች።

ልጃቸው ልትወልድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ እሑድ ደወለች። አዋላጇ እንደ ልማዷ በጥያቄ አጣደፈቻት። እግርሽ አብጧል? ራስ ምታትስ? ዓይንሽ ላይ ብልጭ ይላል?

«ትንሽ እግሬ አብጧል። የደም ግፊቴም ከፍ ማለት ጀምሯል አሉኝ። በየሁለት ቀኑ ነይ ብለውኛል።»

«ደግ አድርገዋል። ጨው ቀንሺ፣ በጎንሽ ተኚ።»

«እማ፣ አትደርሺም አይደል?»

«እደርሳለሁ» አለች አዋላጇ። ስልኩን ዘጋች። ሌላ ሴት ብትሆን የምትሠራውን ታውቃለች፤ ይህቺ ግን ሌላ ሴት አይደለችም። ለባሏ ሁሉንም ነገረችው፤ ምጡ ጊዜውን ሊቀድም እንደሚችል፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ሊያስቀድሙት እንደሚችሉም ጭምር።

«ዛሬ ስምንት ሞልቷል» አለ እሱ። «ሁለት ናት የቀረችኝ።»

ሰኞ ዘጠነኛው አለቀ፤ ካሳረፋቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ለአሥረኛው ተቀመጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን መረጠ። ከሥር ሆኖ ጠበቀ፣ ጨረሩ መጣ፣ ያዘው። 1፣ 2፣ 3፣ 4። «ምድር ቤት» የሚለውን ተጫነ፣ ጎማው ወረደ። አውቶፓይለቱን አጠፋ፣ ቀዩ መብራት ጠፋ። አዋላጇ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ቆጠረች።

«መቶ። ሃምሳ። አርባ። ሠላሳ።»

እጁ ልክ ነበር። አፍንጫው ትንሽ ቀና አለ።

«ሃያ» አለች።

እጁ ሳበ። እንደ ድሮው በድንጋጤ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ነው የሳበው። አውሮፕላኑ ተመልሶ ከፍ አለ፣ አየሩ ላይ ተንጠለጠለ፣ ዝም ብሎ ቆየ። ከመውደቁ በፊት ሰውየው ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረ። ዱብ ሲል እያየው አልነበረም።

«እንግዲህ ከአንድ መጀመር ነው» አለ። አዋላጇ በድምፁ ውስጥ እፎይታ ሰማች። ሊደብቀው ሞክሯል፣ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት የሰማችው ድምፅ ነው።

«አውቀህ ነው» አለችው።

«ነፋስ መጣብኝ።»

«ነፋሱን ራስህ አጥፍተኸዋል።»

ከዘንጉ ላይ አቧራ የሚያብስ መስሎ በአውራ ጣቱ ይፈትገው ጀመር። እሷም ጠበቀችው፤ መጠበቅ ታውቅበታለች።

«አውሮፕላኑን አይደለም» አለ በመጨረሻ። «እሱን ድሮ ነው የፈራሁት። አሁን ምኑን እፈራዋለሁ፣ ስፈታው ስገጥመው ከርሜ። ነገ ተሳፈር ብትይኝ እሳፈራለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሕፃኑን ታቅፊያለሽ።»

«አቅፋለሁ ነዋ!»

«ከዚያ አትመለሺም። እሷም አትለቅሽም፣ አንቺም ጥለሻት አትመጪም። ዛሬ ሕፃኑን ሳል ያዘው፣ ነገ ጥርስ አወጣ፣ ከነገ ወዲያ ልትደግም ነው። እኔ ደግሞ በልጄ ባል ሳሎን፣ ቋንቋው ሳይገባኝ፣ እግሬን ሰብስቤ ስቀመጥ ይታየኛል። እዚህ ብወጣ ጋሽ ሊፍት የሚለኝ አለ። እዚያ ማን ነኝ?»

አዋላጇ ተናደደች። እንዲህ የተናደደችበትን ጊዜ አታስታውስም። ለዚህ ነበር መቶ፣ ሃምሳ፣ አርባ ስትል የከረመችው። ደግሞም አሳዘናት፤ ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ መጡባትና አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

«ልጅህ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ ነው የጣልከው?»

«እያወቅኩ ነው» አለ። አላስተባበለም፣ ድምፁንም አላነሳም። ይህን ያህል ደፍሮ ጥፋቱን ሲናገር ሰምታው አታውቅም፤ ግን ያን ሰዓት ድፍረቱ አልጠቀማትም።

«ተነስ» አለችው።

ተነሳ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ገና ይሞቃል። አውሮፕላኑን ከሜዳው ሃያ ኪሎሜትር ርቀት ላይ አስጀመረችው። ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ስላየችው ምን እንደምታደርግ አልጠፋትም። ከሥር ሆና ጠበቀች፣ ጨረሩ መጣ። ቁልፎቹን በየተራ ተጫነች፣ ጎማውን አወረደች። ሜዳው ከፊቷ እየሰፋ ሲመጣ ከፍታ የሚጠራላት ሰው እንደሌለ ትዝ አላት፤ ዓይኗ ሁለቱንም ማየት አልቻለም። ያኔ ከጀርባዋ የባሏ ድምፅ መጣ።

«መቶ» አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ። «ሃምሳ። አርባ። ሠላሳ። አሁን ቀና አርጊው። ሃያ። ልቀቂው፣ ልቀቂው። አሥር።»

አውሮፕላኑ መሬቱን መታ፣ ነጠረ፣ እንደገና መታ። በስተቀኝ ከማረፊያው ወጣ፣ ሣሩ ላይ እየተንገጫገጨ ሄደና አንድ ክንፉን ወደ አጥሩ አስጠግቶ ቆመ። ቀዩ ጽሑፍ አልመጣም። ሁለቱም ይመጣል ብለው ትንሽ ጠበቁ።

«ይሄ አይቆጠርም» አለ ጋሽ ሊፍት። «ከመስመር ወጥተሻል።»

«ሰዎቹ በሕይወት ወርደዋል» አለች አዋላጇ፤ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «እኛ ጋ ይቆጠራል።»

ስልኳን አንስታ ልጇ ጋ ደወለች። እዚያው ወንበር ላይ ሆና፣ እሱ እየሰማ።

«ቅዳሜ እሳፈራለሁ» አለቻት።

በወዲያኛው ጫፍ ጩኸት፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ የአፍንጫ ድምፅ ተሰማ። «አባስ? አባዬ አለቀለት? አሥር ሞላለት?»

አዋላጇ ባሏን አየችው። በሩን ተደግፎ ቆሟል። ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«አባትሽ ይቀራል» አለች። «ብቻዬን ነኝ የምመጣው።»

«እሺ እማ። ብቻ ድረሽልኝ» አለች ልጅቱ።

የቲኬት ቢሮው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ጋሽ ሊፍት እኔ ቆርጬ እመጣለሁ አለ፤ ማንም አላዘዘውም። ፓስፖርቷን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የአሥረኛው ቁጥር ባዶ ቦታ አጠገብ ቆሞ፣ እርሳሱን ከኪሱ አንስቶ፣ ቢሮው የሚጠይቀውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፍ ጀመር። ስሟን ጻፈ። መሄጃ ቀን ብሎ ቅዳሜ አለ። መመለሻ ቀን ብሎ ጻፈና እርሳሱን እንደያዘ ቀና አለ።

«መቼ ልበላቸው?» አላት። «ቀን ይጠይቃሉ።»

የሆነ ቀን ልትሰጠው ትችል ነበር። አንድ ወር ብትለው ደስ ብሎት ይሄድ ነበር፤ አንድ ወር ተብሎ ሁለት ወር የሆነበት ጉዞ በዓለም ላይ ሞልቷል። ከንፈሯ ላይም ደርሶ ነበር። ግን ሰውየው የጣለውን አውሮፕላን ጣልኩት ብሎ ነግሯታል፤ እሷም ልትዋሸው አልቻለችም።

«አላውቅም» አለችው። «ክፍት ይሁን።»

ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። ከመመለሻ ቀን ፊት ለፊት ምንም አልጻፈም። በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ቁልፉን ፈልጎ አገኘ። በሩ ላይ ሲደርስ እጀታውን ይዞ ዞረ።

«መስኮት ዳር ይሁንልሽ?»

«መስኮት ዳር» አለችው።